አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ፣ አንድ ሚሊዮን ተማሪ

ሐሙስ፣ ሜይ 9 ቀን 1968። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኦሽን ሂል-ብራውንስቪል በሚባል አንድ አነስተኛ የትምህርት ወረዳ ውስጥ የሚሠሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ደብዳቤ ደረሳቸው። አሥራ ሦስቱ መምህራን ናቸው። አምስቱ ምክትል ርዕሰ መምህራን፣ አንዱ ደግሞ ርዕሰ መምህር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ይዘቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚህ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ያለዎት ሥራ ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል። ሁለተኛ፣ ቅሬታ ካለዎት አርብ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ቁጥር 55 ይምጡ፣ የወረዳው ቦርድ ያነጋግርዎታል። ሦስተኛ፣ አርብ ጠዋት ሊቪንግስተን ጎዳና ቁጥር 110፣ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛ አስተዳደር ሪፖርት ያድርጉ፤ ሌላ ቦታ ይመደባሉ።

እስቲ ደግመን እናንብበው። ሥራዎ አብቅቷል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቦታ ይመደባሉ ይላል። ታዲያ ይህ ስንብት ነው ወይስ ዝውውር? የሰዓቱም ነገር ግራ ነው። ጠዋት ሂድ፤ ማታ ደግሞ ለምን ሂድ እንዳልንህ መጥተህ ጠይቀን። ይህን ደብዳቤ ያረቀቀው ሰው አንድ ተጨማሪ ምሽት ቢያድርበት ኖሮ የከተማዋ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጥፋቱ ከቃላቱ ይልቅ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው። ያንን ለማየት ግን ወደ አንድ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤቱ 271 ይባላል። ኒው ዮርክ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከስሙ በፊት በቁጥሩ ይታወቃል። 271 በኸርኪመር ጎዳና ላይ ያለ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ልጅነት የለቀቃቸው፣ ጉርምስና ገና ያልተቀበላቸው፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩበት። መምህር የሆነ ሰው ይህ ዕድሜ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሰፈሩ ኦሽን ሂል እና ብራውንስቪል ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብራውንስቪል ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች የሞሉበት የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱ ቀስ በቀስ ለቀቁ፤ ጥቁር አሜሪካውያንና ፖርቶሪካውያን ገቡ። ሰፈሩ ተቀየረ። ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው ግን አልተቀየረም። በዚያን ጊዜ በመላው ከተማ ከአሥር መምህራን ዘጠኙ ያህል ነጮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም አይሁድ። ከተማሪው ግን ግማሽ ያህሉ ጥቁር ወይም ፖርቶሪካዊ ነበር። በ271 ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ፈተና ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ መምህር ለመሆን የከተማውን የመምህራን ፈተና ማለፍ ግድ ነበር። ርዕሰ መምህር ለመሆንም ሌላ ፈተና ነበር፤ ያለፈ በዝርዝር ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። በ1930ዎቹ ብዙ የግል ድርጅቶች አይሁድ አንቀጥርም ሲሉ፣ ያ ፈተና ስም ሳይጠይቅ ውጤት ብቻ የሚያይ በር ነበር። አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ በእሱ በኩል መምህር ሆነ፣ ቤተሰቡን ከድህነት አወጣ። ለጥቁሩ አመልካች ግን ያው ፈተና ግድግዳ ነበር። የቃል ፈተና ነበረው፤ እዚያ ደግሞ የአነጋገር ቅላፄ ይታይ ነበር። ከደቡብ የመጣ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ፈተና ነው የሚያወራው። አንዱ በር ያያል፣ ሌላው ግድግዳ። በኋላ የሆነውን ጩኸት ሁሉ ስሰማ ወደዚህ ነው የምመለሰው፤ ሁለቱም ያየውን ነው የተናገረው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ያለው በ1954 ነው። ኒው ዮርክ ጥቁርና ነጭ ለያይቶ ያስተምር የሚል ሕግ አልነበራትም። ሰፈሩ ራሱ ይለያያቸው ነበር። ማዕከላዊው የትምህርት ቦርድ እናቀላቅላለን እያለ ቃል ገባ፤ ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመት አለፈ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1964 ከ450,000 በላይ ተማሪዎች በአንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀሩ። ያንን ቀን ካዘጋጁት አንዱ ከወራት በፊት የዋሽንግተኑን ታላቅ ሰልፍ ያቀናጁት ባያርድ ረስቲን ነበሩ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያ ሁሉ ልጅ ቀረ፤ የተቀየረ ነገር ግን የለም። በ1966 በሃርለም 201 የሚባል አዲስ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ። ከመሠራቱ በፊት ቅልቅል ይሆናል ተብሎ ነበር። ሲከፈት የገቡበት የሰፈሩ ልጆች ብቻ ሆኑ። ሕንፃው ወደ ውጭ የሚያይ መስኮት እንኳ አልነበረውም። ወላጆች በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት ነገር ከዚያ በኋላ መፈክር ሆነ። በአጭሩ፦ ወይ እንዳላችሁት ቀላቅሉት፣ ወይ ለእኛ ስጡንና እናስተዳድረው።

ማዕከላዊው ቦርድ ሁለተኛውን ለመሞከር ፈቀደ። በ1967 ሦስት የሙከራ ወረዳዎች ተቋቋሙ። አንዱ በሃርለም፣ አንዱ በማንሃታን ታችኛው ክፍል፣ ሦስተኛው ኦሽን ሂል-ብራውንስቪል፤ ስምንት ትምህርት ቤቶች ያሉት፣ 271ን የያዘው። የፎርድ ፋውንዴሽን ለመነሻ ገንዘብ ሰጠ። በዚያው በጋ ወላጆች ተወካዮቻቸውን መረጡ። ድምፅ የሚሰበሰበው ቤት ለቤት ጭምር ነበር። የአካባቢው ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት ቄስ ሄርበርት ኦሊቨር ናቸው። ወረዳውን እንዲመሩ የተሾሙት ሮዲ ማኮይ። ማኮይ በዚያው የከተማ ሥርዓት ውስጥ ወደ ሃያ ዓመት ግድም የሠሩ፣ ፒፓ የሚያጨሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይህ ቦርድ ምን ማድረግ ይችላል? መምህር መቅጠር ይችላል? ማዛወርስ? በጀት አለው? መጻሕፍት ራሱ ይገዛል? ይህን የሚመልስ ግልጽ ወረቀት አልነበረም። ማዕከላዊው ቦርድ ሙከራ አለው፣ ፎቶ ተነሳ፣ ጨረሰ። የአካባቢው ቦርድ ሥልጣን አለኝ ብሎ ያምናል። የመምህራን ማኅበሩ የለህም ብሎ ያምናል። ሊቪንግስተን ጎዳና፣ ማለትም የማዕከላዊው ቦርድ መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ሁለቱንም እሺ ይላል። ለአንድ ሰው የቤት ቁልፍ ሰጥተህ፣ የትኛውን በር እንደሚከፍት ሳትነግረው እንደመሄድ ነው።

ማኮይ በተቀጠሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው በሴፕቴምበር 1967 የከተማው መምህራን ማኅበር ከደመወዝና ከክፍል ተማሪ ብዛት ጋር በተያያዘ ሁለት ሳምንት ያህል አድማ መታ። ማኅበሩ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ረባሽ ተማሪን መምህሩ ከክፍል የሚያስወጣበት መብት ነበር። የኦሽን ሂል ወላጆች ይህን ሲሰሙ ረባሽ የሚባለው የማን ልጅ እንደሆነ ለመገመት አልተቸገሩም። አድማውን አልደገፉም፤ ትምህርት ቤቶቻቸውን ለማስኬድ ሞከሩ። ማኅበሩ ተቀየመ። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ የማኅበሩ መምህራን ሙከራውን የደገፉ ነበሩ።

ሁለተኛው የርዕሰ መምህራን ሹመት ነው። ቦርዱ ከተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ውጭ ሰዎች ሾመ። ከእነዚህ አንዱ በከተማዋ የመጀመሪያው ፖርቶሪካዊ ርዕሰ መምህር ናቸው። ሹመቱ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ክረምቱ ሲወጣ በ271 ውስጥ ሰላም አልነበረም። በአፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። የሚቀጥለው ቀን ትምህርት ቤት የነበረ ጥቁር ልጅና ሰሌዳ ፊት የቆመ ነጭ መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባባሉ መገመት አይከብድም፤ መምህራን ራሳቸው በቡድን በቡድን ሆነው ነበር። በመምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ ሲገባ ሌላው ወሬ ያቆማል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቡና ለመጠጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ሜይ 9 መጣ። ደብዳቤው።

የማኮይ ክርክር ይህ ነበር፦ በከተማው ውስጥ በየዓመቱ ብዙ መምህራን ያለ ጫጫታ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ሊቪንግስተን ጎዳና ሲያደርገው አስተዳደር ይባላል፣ እኛ ስናደርገው ለምን ወንጀል ይሆናል? ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። የማኅበሩ ክርክር ደግሞ፦ አንድ መምህር ክሱን ሳይሰማ፣ መልስ ሳይሰጥ፣ ከሥራው ሊነሳ አይችልም። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ከሆኑ ነገ ማን ቀረ? ይህም የሚናቅ አይደለም። ነገሩን ያከረረው ከአሥራ ዘጠኙ መካከል በ271 የማኅበሩ ተጠሪ የነበረው መምህር መኖሩ ነው። አብዛኞቹ አይሁድ መሆናቸውም። በስህተት ዝርዝሩ ውስጥ የገባ አንድ ጥቁር መምህር ወዲያው ተመለሰ፤ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ሆነ። ይህ ስህተት ሲታወቅ ማኅበሩ ምን እንዳለ መናገር አያስፈልግም።

የከተማው የትምህርት ኃላፊ በርናርድ ዶኖቫን መምህራኑን ደብዳቤውን እንዳልደረሳችሁ ቁጠሩት፣ ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ አሏቸው። ተመለሱ። የ271 በር ላይ ወላጆች ቆመው ነበር፤ አላስገባም አሉ። ፖሊስ መጣ። በወሩ መጨረሻ ወደ 350 የሚጠጉ የወረዳው መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጎን ቆመው ሥራ አቆሙ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አልተመለሱም።

በበጋው ክሱ ተሰማ። ሰሚው ፍራንሲስ ሪቨርስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ፤ ጥቁር። በኦገስት መጨረሻ የአሥር መምህራንን ጉዳይ አይተው ክሱ አልተረጋገጠም አሉ። ከክሶቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ መምህሩ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ወንበር ሲወራወሩ ዝም ብሎ አይቷል። ሲጣራ የዚያ ክፍል ወንበሮች ከወለሉ ጋር በምስማር የተመቱ ሆነው ተገኙ።

ይህን ወንበር ልብ ይሏል። ከሁሉም ክርክር ይልቅ እሱ ነው የሚነግረን። ወላጆቹ ትምህርት ቤቱ ልጆቻችንን እየጣለ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነበር። የንባብ ደረጃው ዝቅተኛ መሆኑን ማንም አልካደም። ግን ያንን ትልቅ እውነት ወስደው በአንድ ሰው ስም ላይ ክስ አድርገው ሲጽፉት፣ የምስማር ወንበር ይወራወር ጀመር። የሥርዓትን ጥፋት በግለሰብ ፋይል ውስጥ ለማስገባት የሞከረ አስተዳዳሪ ሁሉ ይህ ይደርስበታል።

ቦርዱ ውሳኔውን አልቀበልም አለ። ማኅበሩ ደግሞ መምህራኑ ካልተመለሱ ከተማዋን እንዘጋለን አለ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት አልበርት ሻንከር በእንዲህ ያለ ነገር የሚቀልዱ ሰው አልነበሩም። እንዘጋለን ሲሉ መዝጋታቸው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ አድማ መምታት በሕግ ክልክል ነበር፤ ሻንከር ለ1967ቱ አድማ አስቀድመው እስር ቤት ገብተው ወጥተዋል።

ሰኞ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1968 ትምህርት ሊጀመር ነው። 57,000 ከሚሆኑት መምህራን 54,000 ያህሉ አልገቡም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆች ቤት ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ስምምነት ተደረገ፣ መምህራኑ ይመለሱ ተባለ። ሲመለሱ ወደ ትምህርት ቤት ቁጥር 55 አዳራሽ ተጠሩ፤ ማኮይ ያነጋግሯችኋል ተብለው። አዳራሹ ውስጥ የጠበቃቸው ሌላ ነው። አንዳንዱ የብረት ቆብ ያጠለቀ፣ አንዳንዱ ዱላ የያዘ የሰፈር ሰው። ስድብ፣ ዛቻ። መብራቱ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። መምህራኑ ወጡ። ሁለተኛው አድማ ሴፕቴምበር 13 ጀመረ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ዘለቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ አፋችን ላይ የሚመጣ ተረት አለ፤ የዝሆኖቹና የሣሩ። እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ምክንያቱም የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ፣ ለመዘጋታቸው ምክንያት የሆነው ሰፈር ትምህርት ቤቶች ክፍት ነበሩ። 271 ያስተምር ነበር! ሌላ ሰፈር ያለ የሀብታም ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ የኦሽን ሂል ልጅ ሒሳብ ይሠራ ነበር።

እንዴት ብለው አስተማሩ? ማኮይ በበጋው ወጥተው ለሄዱት 350 ምትክ 350 ያህል አዳዲስ መምህራን ቀጥረው ነበር። አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች። ጥቁር አክራሪዎችን ሰበሰበ የሚለው ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። እውነቱ ከአዲሶቹ መካከል አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ከነጮቹም ግማሽ ያህሉ አይሁድ። ይህን ቁጥር ማኮይ ደጋግመው ተናግረውታል። የሰማቸው ብዙ ሰው አልነበረም።

የአንድ የ271 ተማሪ ጠዋት እንዲህ ነበር። ከቤት ትወጣለህ። ትምህርት ቤቱ ያለበት መንገድ ጫፍ ላይ የፖሊስ የእንጨት አጥር ተጋድሟል። ከአጥሩ ወዲያ ሥራ ያቆሙት መምህራን ሰሌዳ ይዘው ይዞራሉ፤ አንዳንዶቹን ታውቃቸዋለህ፣ አምና አስተምረውሃል። ከወዲህ የሰፈርህ ሰዎች ይጮኻሉ፤ እነሱንም ታውቃቸዋለህ፣ አንዷ አክስትህ ልትሆን ትችላለች። ከላይ ሄሊኮፕተር። በመካከሉ ቆብ ያጠለቁ ፖሊሶች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ በእነሱ መካከል ደብተርህን ይዘህ ታልፋለህ። ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ ምን ይሰማሃል ይልሃል። አሥራ ሦስት ዓመትህ ነው። ደወል ተደውሏል፤ ዘግይተሃል።

ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አዲሶቹ መምህራን ልምድ የላቸውም፤ ጉልበት ግን አላቸው። የአፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ይሰጣል። ስምህ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ የስዋሂሊ ስም የሚያወጡ ልጆች አሉ። የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ይቋቋማል። በወረዳው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚሰጥበት ክፍል ተጀምሯል። ቤተሰቦች ወደ ትምህርት ቤቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ያን ዓመት የተማሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ሲናገሩ ደጋግሞ የሚሰማው ነገር ሰው እንደሆንን የቆጠረን ዓመት ነበር የሚል ነው። በሌላ በኩል ኮሪደር ላይ ይሮጣሉ፤ ትምህርት የሚቆራረጥበት ቀን ብዙ ነው። ተመላሽ መምህር በኮሪደሩ ሲያልፍ ልጆች ይሰድቡታል። ክፍል አይሰጠውም፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ሁለቱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት የሆነ ነው። አንዱን ብቻ ቆርጦ የሚነግራችሁን አትመኑት።

በቀረው ከተማ ወላጆች ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጥበቃና የጽዳት ኃላፊዎች ቁልፍ ይዘው ሄደው ስለነበር፣ አንዳንድ ቦታ ወላጆች መቆለፊያ ሰብረው ገቡ፤ ሌሊት ክፍል ውስጥ ያደሩም አሉ፣ ጠዋት እንዳይቆለፍባቸው። ሌሎች በቤተ ክርስቲያንና በሳሎን አስተማሩ። ከንቲባው ጆን ሊንዚ የሁለቱንም ወገን ፍቅር ያጡት በዚህ ጊዜ ነው።

በኦክቶበር መጀመሪያ 271 ለጥቂት ቀናት ተዘጋ። እንደገና ሊከፈት ነው ሲባል ሦስተኛው አድማ ኦክቶበር 14 ጀመረ። አንድ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ብሎ ከተማ ሁሉ ተዘጋ። ይህኛው ረጅሙ ነበር፤ አምስት ሳምንት ዘለቀ።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ የወጣው። ማን እንደጻፈው ያልታወቀ፣ አይሁድ መምህራንን የሚሳደብ ጽሑፍ በመምህራን የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ቦርዱ አወገዘው። ማኅበሩ ደግሞ 500,000 ቅጂ አሳትሞ በከተማው በተነ። እዚህ ላይ ማኅበሩን አልምርም። አንድ ሣጥን ውስጥ የነበረ መርዝ ወስዶ የከተማውን ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ጨመረው። ከመሥመር በወጣ አንድ ወረቀት የአንድ ሰፈር ወላጆች ሁሉ አይሁድ ጠል ተባሉ። ብዙ አይሁድ ቤተሰቦች ደግሞ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ሲያነቡ፣ በአውሮፓ የአይሁድ እልቂት ካበቃ ሃያ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም።

ባያርድ ረስቲንን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1964 ልጆችን ከትምህርት ቤት ያስቀሩት ሰው በ1968 ከመምህራን ማኅበሩ ጎን ቆሙ። ክስ ሳይሰማ ሠራተኛ ማንሳት ነገ ጥቁሩን ሠራተኛ ነው የሚበላው የሚል ነበር አቋማቸው። ብዙ ጥቁር ወዳጆቻቸው ከዳን አሉ። ባለፈው ትግል ትክክል የነበረ ሰው በሚቀጥለው የት መቆም እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ኖቬምበር 17 ስምምነት ተፈረመ። የአካባቢው ቦርድ ታገደ። ወረዳውን የሚመራ የክፍለ ግዛቱ ተወካይ ተመደበ። የተነሱት መምህራን ተመለሱ። በሦስቱ አድማ በድምሩ 36 የትምህርት ቀናት ጠፍተዋል። ለማካካስ የትምህርት ቀኑ ሰዓት ተጨመረበት፣ በዓላት ተቆረጡ፤ መምህራኑም ለማካካሻው ተከፈላቸው። ልጆቹ የገና ዕረፍታቸው ሲሸራረፍ ማን ይቅርታ ጠየቃቸው? ማንም።

ነገሩ ግን አልበረደም። ዲሴምበር 26 ቀን 1968 አንድ የ271 መምህር በሬዲዮ ጣቢያ ቀርቦ የ15 ዓመት ተማሪ የጻፈችውን ግጥም አነበበ። ለሻንከር የተጻፈ፣ አይሁዶችን የሚያዋርድ ግጥም። አቅራቢው ጁሊየስ ሌስተር ነበር፤ ልጆች ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ሰው ይስማ ብዬ ነው አለ። ከተማዋ እንደገና ነደደች። ስለ መምህሩ ተጻፈ፣ ስለ ጣቢያው ተጻፈ፣ ስለ አቅራቢው ተጻፈ። ስለ ልጅቷ ግን፣ አሥራ አምስት ዓመቷ እንደሆነና ያን ሁሉ ወር በፖሊስ መካከል አልፋ ክፍል ስትገባ እንደነበር ያነሳ ጥቂት ነው። ግጥሟን መጥፎ ነው ብሎ ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግራት መምህር ያስፈልጋት ነበር። ማይክሮፎን ሰጧት። ጁሊየስ ሌስተር ራሱ ከዓመታት በኋላ ወደ አይሁድ እምነት ገባ፤ ሕይወት እንዲህም ናት።

በ1969 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ አወጣ። ከተማዋ ከሰላሳ በላይ ወረዳዎች ተከፋፈለች፤ እያንዳንዱ የተመረጠ ቦርድ ኖረው። ይህ ለማኮይ ድል ይመስላል። አይደለም። ወረዳዎቹ ትልልቅ ሆኑ፤ ስምንት ትምህርት ቤት ይዞ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ወረዳ በሕጉ አልተቻለም። ኦሽን ሂል-ብራውንስቪል በሌላ ወረዳ ውስጥ ተውጦ ቀረ። ሙከራው አለቀ። በአዲሶቹ ቦርዶች ምርጫ የሚወጣው መራጭ ጥቂት ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ዘመድ መቅጠሪያ ሆኑ። በ1996 ሥልጣናቸው ተቀነሰ። በ2002 ትምህርት ቤቶቹ በከንቲባው እጅ ገቡ። ሥልጣን ከሊቪንግስተን ጎዳና ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እንደገና ወደ አንድ ቢሮ ተመለሰ።

ሰዎቹ? ሻንከር በ1974 የአገሪቱ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1997 ሞቱ። ማኮይ ወደ ማሳቹሴትስ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ271 ያስተምር የነበረው አልበርት ቫን ለብዙ ዓመታት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሠራ። በወረዳው የማኅበሩ ወኪል ሆና ትመላለስ የነበረች ወጣት፣ ሳንድራ ፌልድማን፣ ሻንከርን ተክታ የከተማውን ማኅበር መራች። ያ ሰፈር ለብዙ ሰው የሥራ መነሻ ሆነ ማለት ነው።

ያ ፈተና፣ በሩም ግድግዳውም፣ ከጊዜ በኋላ ተሻረ። የኸርኪመር ጎዳናው ሕንፃ አሁንም አለ፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያስተምሩበታል። በዚያ በር የሚገቡት ልጆች ዕድሜያቸው ያው ነው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት።